ስማርት ቦርዱ ይገዛ ወይስ ይቅር?

የደረሰን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነኝ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለን። እዚህ ተምረው አሁን ዋሽንግተን አካባቢና ዱባይ የሚኖሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን ገንዘብ አዋጥተው ስድስት ስማርት ቦርድ (ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን) ሊገዙልን ተነስተዋል። እንደተሰቀለ ፎቶ እንድንልክላቸውም ይፈልጋሉ። የአይቲ መምህራችን ደስታውን አልቻለውም። የ28 ዓመት አገልግሎት ያላቸው የፊዚክስ መምህራችን ግን ስብሰባ ላይ ‹ሌላ ፕላዝማ አታምጡብን› ብለው ወጡ። ወላጆች ‹ዘመናዊ ትምህርት ቤት› መባሉን ወደውታል። የኮምፒውተር ክፍላችን 20 ኮምፒውተር አለው፤ የሚሠሩት ከግማሽ በታች ናቸው። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ቢያንስ ይጠፋል። ስጦታውን እምቢ ብል ምቀኛ እባላለሁ፤ እሺ እንዳልል ልቤ አልተቀበለውም። ለመሆኑ ቴክኖሎጂ ተማሪን በእርግጥ ያስተምራል ወይስ ግድግዳ ያሳምራል? ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

ሁለት ልብ የሆነችው ርዕሰ መምህርት

መልስ

ውድ ርዕሰ መምህርት፣

በአጭሩ ልመልስልዎትና ወደ ዝርዝሩ ልግባ። ገንዘቡን በደስታ ይቀበሉ። ስድስቱን ስማርት ቦርድ ግን ቢያንስ ዘንድሮ አይቀበሉ። የቀድሞ ተማሪዎቻችሁ ያንኑ ገንዘብ የተሻለ ነገር ላይ እንዲያውሉት ማሳመን ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ከታች እጽፍልዎታለሁ። ምቀኛ የሚልዎት ካለም ይበል። ዕቃው ተሰቅሎ ከሁለት ዓመት በኋላ አቧራ ሲለብስ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ያን ጊዜ ሐሜተኛው የለም።

ከፊዚክሱ መምህር ልጀምር። ስብሰባው ላይ የተናገሩት የስንፍና ወይም የዕድሜ ነገር አይምሰልዎት። እሳቸው ክፍል ውስጥ ቆመው ያዩትን የአይቲ መምህሩ አላየውም፤ ቢያየውም በተማሪ ዓይን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትምህርት ሚኒስቴር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ፣ «ፕላዝማ» የምንለውን የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመረ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሲቪክስ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ከክፍለ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህሉን ስክሪኑ ይወስደዋል። ለመምህሩ መግቢያና መዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች።

የስክሪኑ አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል። ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ክፍሉ ይመልስ፣ ዝም ይበል፣ ይሳቅ የሚያውቀው ነገር የለም። ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው አጠገቡ ያለው መምህር ነው። እሱ ደግሞ ስርጭቱን ማቆም አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አመለጠ ማለት ነው፤ ነገ ቀጣዩ ምዕራፍ ይመጣል። ፊዚክስ ለማስተማር ዓመታት የለፋ ሰው፣ ቴሌቪዥን ከፍቶ ዘግቶ መውጣት ሥራው ሆነ። ተማሪውም ቀስ በቀስ ዓይኑን ከመምህሩ ላይ አነሳ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ላይ ይቆያል። መምህሩ «አታምጡብን» ያሉት ይህንን ነው።

ፕላዝማው ጥሩ ነገር አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ላቦራቶሪ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ኬሚካሎች ሲቀላቀሉ፣ ሴል ሲከፈል በሥዕል ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኔ ያለኝ ቅሬታ አንድ ነው። ማቆሚያው መምህሩ እጅ ላይ አልነበረም። ዛሬ ማንኛውም ዕቃ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ሊገባ ሲል በመጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ማን ይከፍተዋል? ማን ያቆመዋል? ልጁ ሳይገባው ሲቀር ማን ያውቃል?

ይህ የግል ስሜቴ ብቻ እንዳይመስልዎት በሌሎች አገሮች የታየውን ልንገርዎት። በፓኪስታን ፑንጃብ ግዛት ሁለት ዓይነት ሙከራ ተደርጎ ነበር። በአንደኛው 8ኛ ክፍል ውስጥ ስክሪን ተተከለ። የሒሳብና የሳይንስ አጫጭር ቪዲዮዎች ተዘጋጁ። መምህሩ ቪዲዮዎቹ የተጫኑበት ታብሌት ተሰጠው፤ ሠለጠነም። የሚከፍተው፣ የሚያቆመው፣ የሚያብራራው እሱ ራሱ ነው። በአራት ወር ውስጥ የተማሪዎቹ ውጤት ከሌሎቹ በግልጽ በለጠ። በሁለተኛው ሙከራ ታብሌቱ በቀጥታ ለ6ኛ ክፍል ልጆች ታደለ። መምህሩ ነገሩ ውስጥ የለበትም። የእነዚህ ልጆች ውጤት ታብሌት ካላገኙት እኩዮቻቸው ያነሰ ሆነ። ልብ ይበሉ፤ ሳይለወጥ ቀረ አላልኩም፤ ወረደ።

ሕንድ ጉጅራት ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። አንድ የሒሳብ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአንዳንድ ቦታ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ምትክ ገባ። በሌላው ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተጨማሪ ሆኖ ተሰጠ። ፕሮግራሙ አንድ ነው። በምትክነት የገባበት ልጆቹን ጎዳ። ተጨማሪ የሆነበት ጠቀመ፤ ይልቁንም ደካማ የሚባሉትን።

ፔሩ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖችን ለገጠር ልጆች አደለች። ተመራማሪዎች 319 ትምህርት ቤቶችን አጥንተው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውጤቱን አወጡ። ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀም ለምደዋል። በሒሳብና በቋንቋ ፈተና ግን ላፕቶፕ ካልደረሳቸው ልጆች የተለየ ውጤት አላመጡም። ከዚያው ዓይነት ላፕቶፕ ጥቂት ሺዎች ወደ እኛም አገር መጥተው ነበር። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይሄ ነው።

ስለዚህ «ቴክኖሎጂ ያስተምራል ወይ?» ብለው ለጠየቁኝ መልሴ፣ መምህሩን ሲያግዝ ያስተምራል፤ መምህሩን ዘሎ ሲሄድ ግን አያስተምርም፤ አንዳንዴም ያደናቅፋል የሚል ነው። ስማርት ቦርድ ከሁለቱ በየትኛው ይመደባል? ሠልጥኖ ለሚጠቀምበት መምህር አጋዥ ነው። ለማይጠቀምበት ውድ የጽሕፈት ሰሌዳ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱንም አይሆንም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሌላም ችግር አለ። የመጨረሻው ረድፍ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። መጋረጃ የሌለው መስኮት ካለ ፊት ያሉትም አያነቡም። ማንም ሻጭ ይህን አይነግርዎትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እርስዎ የጻፉልኝ ስለ ዕቃው ነው። ልጆቹ ምን እንደጎደላቸው ግን በደብዳቤዎ ውስጥ የለም። የቀድሞ ተማሪዎቻችሁም አልጠየቁም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የአገሪቱን ውጤት ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከፍ ማለት መጀመሩ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ አሁንም አላለፈም። እነዚህ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ የወደቁ አይመስለኝም። ብዙዎቹ የወደቁት 4ኛና 5ኛ ክፍል ሳሉ ክፍልፋይ ሳይገባቸው ሲያልፉ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የማይገባው ነገር በማይገባው ቋንቋ ይደረብበታል። 9ኛ ክፍል ሲደርስ ልጁ ደብተሩን በሥርዓት ይገለብጣል፤ ጥያቄ ግን አይጠይቅም። ምን ብሎ ይጠይቅ?

ዴልሂ ውስጥ ይህንን ለክተውታል። 9ኛ ክፍል የደረሱት ልጆች በሒሳብ በአማካይ ከአራት ክፍል በላይ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። እዚያ የተሞከረው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልጁን መጀመሪያ ይፈትነዋል። የቆመበትን ያገኝና ከዚያ ይነሳል። 9ኛ ክፍል ተቀምጦ የ5ኛ ክፍል ክፍልፋይ ቢሠራ የሚያየው፣ የሚስቅበት የለም። በዚያ ላይ ግማሹን ሰዓት በትንሽ ቡድን ሆነው ከአስጠኚ ጋር ይሠራሉ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ በሒሳብም በሂንዲ ቋንቋም ትልቅ ለውጥ ታየ። ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ የሠራው አንድ መምህር ለ60 ልጅ ሊሠራው የማይችለውን ነው፤ እያንዳንዱን ልጅ የት እንደቆመ ማወቅ።

እርስዎም ከዚህ ይጀምሩ። ለዚህ ሳንቲም አያስፈልግም። በመጀመሪያው ሳምንት ለ9ኛ ክፍል በሙሉ አንድ ገጽ የሒሳብ ወረቀት ይስጡ። ጥያቄዎቹ ከ4ኛ፣ ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ይውጡ። ክፍልፋይ መደመር፣ አሥርዮሽ ማባዛት፣ መቶኛ፣ ቀላል የቃል ችግር። ነጥቡ ለማርክ እንደማይያዝ ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሩ፤ አለዚያ ይኮራረጃሉ። ሌላ አንድ አንቀጽ የእንግሊዝኛ ንባብ ይጨምሩ። ውጤቱን ሲያዩ ይደነግጡ ይሆናል። ያንን ወረቀት ግን በደንብ ያስቀምጡት። በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ ዓይነት ወረቀት ደግመው ይሰጣሉ። ቴክኖሎጂው ሠራ አልሠራ የሚያውቁት በዚህ ነው። ፎቶው ማስረጃ አይሆንም።

ምን ይገዛ?

እኔ ብሆን ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ሁለት ፕሮጀክተር፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ ድምፁ ኋላ ወንበር የሚደርስ ስፒከር እና ሁለት ወፍራም መጋረጃ እገዛ ነበር። ፕሮጀክተሩ ነጭ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ይሠራል። የሚያስፈልገው መምህር ከመምህራን ክፍል ፈርሞ ይወስዳል፤ የማያስፈልገው አይወስድም። ይህ ከስድስት ስማርት ቦርድ በብዙ ይረክሳል። ከሚተርፈው ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለዕቃዎቹ ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ይገዛል፤ ሶላር ከተቻለማ እሰየው። በሳምንት ሁለት ቀን መብራት የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ባትሪ ሳይገዛ ስክሪን መግዛት የለበትም። ይህን ነጥብ ለማንም አይልቀቁ።

ፕሮጀክተሩ ላይ ምን ይታይ? አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» የሚባል የሳይንስ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ በነፃ ይሰጣል። የጀመረው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን ነው፤ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ላፕቶፑ ላይ ከተጫነ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከመካከላቸው አንዱ የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት መሥሪያ ነው። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አምፖልና ማብሪያ በማውስ እየጎተቱ ይገጣጥማሉ።

የፊዚክስ መምህሩ በዚህ እንዴት እንደሚያስተምሩበት ላሳይዎት። ሁለት አምፖል በሲሪስ (በአንድ መስመር ተከታትለው) ያገናኛሉ። ማብሪያውን ይጫናሉ፤ አምፖሎቹ ይበራሉ። ከዚያ ላፕቶፑን ሳይነኩ ወደ ክፍሉ ይዞራሉ። «አንዱን አምፖል ብነቅለው ሌላው ምን ይሆናል? ይጠፋል የምትሉ እጅ አውጡ። በርትቶ ይበራል የምትሉ? እንዳለ ይቀጥላል የምትሉ?» እጆቹን ይቆጥሩና ቁጥሩን በጠመኔ ይጽፋሉ። ሁለት ልጅ አስነስተው ለምን እንዲያ እንዳሉ በአማርኛ አስረዱ ይሏቸዋል። ልጆቹ ይከራከራሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አምፖሉ የሚነቀለው። ሁለተኛው ጠፋ። በፓራለል (እያንዳንዱን በየራሱ መስመር) ያገናኙና ያንኑ ጥያቄ ይደግማሉ። አሁን ደግሞ አልጠፋም። ክፍሉ ይንጫጫል። ያን ቀን ስክሪኑ የሠራው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ቀሪውን የሠሩት መምህሩና ልጆቹ ናቸው። ስርጭቱን ማቆም ያቃታቸው ሰው አሁን ማቆሙን ዋናው የማስተማሪያ ዘዴያቸው አደረጉት።

አንድ ዘዴ ልጨምር። ቪዲዮ ሲያሳዩ ድምፁን ይዝጉት። ከኢንተርኔት የሚገኘው አብዛኛው ቪዲዮ በፈጣን እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ቋንቋውን ሲያሳድድ ትምህርቱ ያመልጠዋል። ድምፁ ይጥፋና መምህሩ በራሳቸው አፍ ያስረዱ። ቃላቱን በእንግሊዝኛ፣ ሐሳቡን በሚገባው ቋንቋ። ርዝመቱም ከአሥር ደቂቃ አይብለጥ። ማላዊ ውስጥ ታብሌት ለትንንሾቹ ልጆች ንባብና ሒሳብ የጠቀመው በቺቼዋ፣ በራሳቸው ቋንቋ ስለተዘጋጀ ነው ብዬ አምናለሁ። ታብሌቱ የሚሞላውም በሶላር ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉን አይርሱት። እንዲያውም ገንዘቡ ቀድሞ መግባት ያለበት እዚያ ይመስለኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጥቷል፤ ቁጥሩም እየጨመረ ነው። ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ፊዚክሱን ቢያውቅም ፈተናው ላይ ጣቱ ያዘገየዋል። የተበላሹት ኮምፒውተሮች ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሞቱ አይደሉም። የአንዱን ራም፣ የሌላውን ሃርድ ዲስክ እያወጡ ግማሾቹን ማስነሳት ይቻላል። ለዚህ የአይቲ መምህራችሁ ጉልበት አለው። የደስታው መግለጫ ይህ ይሁን። «ኮሊብሪ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ የቀሩትን በኬብል ወይም በራውተር ቢያገናኛቸው፣ ያለ ኢንተርኔት የካን አካዳሚ (በነፃ ትምህርት የሚያቀርብ ድርጅት) ቪዲዮና መልመጃ ሁሉም ላይ ይከፈታል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። መልመጃው ላይ ማን ምን ያህል እንደሠራ ለመምህሩ ያሳየዋል። የሒሳቡ ወረቀት ያሳየዎትን ክፍተት መሙያው ይህ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የማልደራደርባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ቁልፍ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ያ ሰው ሥልጠና ሲሄድ ክፍሉ ይዘጋል። ዕቃው በእሱ ስም ስለተመዘገበ ቢጠፋ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይፈራል። መፍራቱ ትክክል ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ ለሦስት ሰው ይከፈል። በአጠቃቀም የሚመጣ ብልሽት የማንም ዕዳ እንዳይሆን በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሁለተኛው ሴት ተማሪዎቻችን ናቸው። ተጨማሪ ሰዓት ሲባል ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ ወንዶቹ ይቆያሉ፤ ሴቶቹ ውሃ ሊቀዱ፣ እንጀራ ሊጋግሩ ወደ ቤት ይሮጣሉ። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ከሆነ ደግሞ ማውሱን የሚይዘው ወንዱ ነው፤ እሷ ታያለች። ለሴቶች ብቻ የሚሆን ፈረቃ በትምህርት ሰዓት ውስጥ ይመደብ። የተቀላቀሉበት ላይ በየአሥር ደቂቃው ማውሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዙር። መምህሩ ሰዓት ይያዝ። ይህን ካልተከታተሉት የገባው ቴክኖሎጂ የነበረውን ልዩነት ያሰፋዋል።

ስለ ገንዘቡ አከፋፈል ከጠየቁኝ፣ ከአራት እጅ አንዱን ለመምህራን ሥልጠናና ለጥገና ሳይነኩ ያስቀምጡ። ሥልጠና ስል በሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጦ አበል መቀበልን አይደለም። ሁለት መምህራን አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ። አንዱ ያስተምራል፣ አንዱ ኋላ ተቀምጦ ያያል። ቅዳሜ ይወያያሉ። ለዚህ ጊዜያቸው ይከፈላቸው።

ገንዘቡ እስኪመጣ የሚሞከር ርካሽ ነገርም አለ። በኮሮና ጊዜ ቦትስዋና ውስጥ አስተማሪዎች በሳምንት አንዴ ወላጅ ስልክ ላይ እየደወሉ፣ ልጁን 20 ደቂቃ ያህል ሒሳብ ያሠሩት ነበር። ስማርት ስልክ አላስፈለገም። የልጆቹ ሒሳብ ተሻሻለ። መልእክት ብቻ የተላከላቸው ግን ብዙም አልተለወጡም። ለክረምቱ፣ በተለይ ራቅ ካለ ቀበሌ ለሚመጡት ልጆች ያስቡበት።

የፊዚክሱን መምህር እንዴት እንደሚይዟቸው ልንገርዎት። በስብሰባ አይመልሱላቸው። ቢሯቸው ድረስ ሄደው ቡና ይጋብዟቸው። «ፕላዝማው ጊዜ የሆነውን ይንገሩኝ» ይበሏቸው፤ እስኪጨርሱም አያቋርጧቸው። ከዚያ የትኛው ዕቃ እንደሚገዛ የሚወስነውን ኮሚቴ እንዲመሩ ይጠይቋቸው። የአይቲ መምህሩ ጸሐፊ ይሁን። አንዱ የትኛው ትምህርት ሥዕል እንደሚፈልግ ያውቃል። ሌላው ሥዕሉን ከየት እንደሚያመጣ ያውቃል። ሰርኪዩቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ይዘው የሚገቡት እሳቸው ቢሆኑ ደስ ይለኛል። እምቢ ካሉም አይጫኗቸው። ሳይገደድ የሚጠቀም አንድ መምህር፣ ተገድዶ ከሚጠቀም አሥር መምህር ይሻላል።

ለቀድሞ ተማሪዎቻችሁ የሚጽፉት ደብዳቤ ደግሞ እንዲህ ቢጀምር ጥሩ ነው፦

«ውድ ልጆቻችን፣ ያሳደጋችሁን ትምህርት ቤት ስላልረሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመምህራን ጋር ተማክረን ገንዘባችሁ ከስድስት ስክሪን የበለጠ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግ ዕቅድ አውጥተናል። መብራት ሲጠፋ የማይቆም፣ ሲበላሽ የምንጠግነው፣ ለሴት ልጆቻችንም የሚደርስ ነው። በመስከረም የልጆቹን የሒሳብ ደረጃ ለክተን እንልክላችኋለን። በየካቲት ደግመን ለክተን ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን እናሳያችኋለን። በመካከላችሁ ኢንጂነር፣ መምህር፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ካለ በወር አንድ ሰዓት በቴሌግራም ከመምህራኖቻችን ጋር እንዲሠራ እንለምናለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አይተዋት። ውጭ ያለ ሰው ገንዘብ የሚልከው ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ሊሆን ይችላል። ሥራ ከሰጡት ይቀርባል። ፎቶውንም አይከልክሏቸው፤ ልጆቹ አምፖል ይጠፋል አይጠፋም ብለው ሲከራከሩ የተነሳ ፎቶ ይላኩላቸው።

አንዳንዶቹ «እኛ ያልነው ስማርት ቦርድ ነው» ብለው ሊጸኑ ይችላሉ። እንዲያ ከሆነ አንድ ብቻ ይግዙ ይበሏቸው፤ ለአንድ ክፍል፣ ከነባትሪው፣ ራሱ ፈልጎ ለሚጠቀምበት መምህር። የዚያ ክፍልና የሌሎቹ ውጤት በየካቲት ይነጻጸር። በልጦ ከተገኘ ሁለተኛው ይቀጥል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ካልበለጠ አምስቱ ሳይገዙ ገንዘቡ በእጃችሁ አለ።

ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ አንብበው ያስፈርሙበት። «ዘመናዊ ትምህርት ቤት» መባሉን የወደዱት ወላጆች እዚያው ይጠይቁ፤ እዚያው ይመለስላቸው። በመስከረም የሚሰጡትን የሒሳብ ወረቀት አንድ ቅጂም ይዘው ይግቡ። አንድ ወላጅ ልጁ የትኛውን ጥያቄ እንደሳተ በዓይኑ ካየ፣ ስለ ስክሪን የሚያነሳው ጥያቄ ይለወጣል።